ድልድዩና ቀበቶው

ስለ ነፃነት ክርክር ሲነሣ የጆን ስቱዋርት ሚልን ስም የማይጠራ የተማረ ሰው የለም። በ1859 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ስለ ነፃነት» የተባለው መጽሐፉ ግን ከሚነበበው ይልቅ የሚጠቀሰው ይበዛል። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ መንግሥት ሰውን ማስገደድ የሚችለው ሌላውን እንዳይጎዳ ነው እንጂ «ለራስህ ስለሚበጅህ» ብሎ አይደለም።

ታዲያ ጋቢና የተቀመጠን ሰው ቀበቶህን እሰር ለማለት መንግሥት ምን አገባው? ሚል መኪና አያውቅም፤ ስለ ድልድይ ግን ጽፏል። አንድ ሰው ሊደረመስ በደረሰ ድልድይ ሊሻገር ሲል ብታየውና ለማስጠንቀቅ ጊዜ ባይኖር፣ ይዘህ ብታስቀረው ነፃነቱን አልነካህም፤ ወንዝ ውስጥ መውደቅ አልፈለገምና። አደጋው እርግጠኛ ካልሆነ ግን ንገረውና ተወው ይላል። መርዝ ያለበት ዕቃ ላይ «መርዝ ነው» ተብሎ ቢጻፍም ቅር አይለውም። የኛው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሲጋራ ፓኮ ላይ የማስጠንቀቂያ ሥዕል ይኑር ማለቱን ቢሰማ የሚከፋው አይመስለኝም።

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ ግሩም ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ግን ተማሪዎቼን «የዘለላችኋትን አንቀጽ ተመልሳችሁ አንብቡ» እል ነበር፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነዋ። ሚል ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ይህ ሁሉ ሕፃናትን አይመለከትም ካለ በኋላ፣ «ኋላ ቀር» የሚላቸውን ሕዝቦችም አብሮ ያወጣቸዋል። ለመሻሻላቸው እስከሆነ ድረስ እነሱን በፈላጭ ቆራጭነት መግዛት ይፈቀዳል። ሰውየው ሠላሳ አምስት ዓመት የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኛ እንደነበር ለሚያውቅ ይህ አይደንቅም።

እኔን የሚደንቀኝ ይህችው አንቀጽ በየቢሮአችን ስትዞር ማየቴ ነው። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሹም ሳይቀር «ሕዝቡ ገና ስላልነቃ» ይላል። ደንቡ ሲወጣ የሚነገረን ቅጣቱ ነው፤ ምክንያቱ ምን ያደርግልናል? ልጆች ነና! እኛም ልጅ የሚሠራውን እንሠራለን። የሚኒባሱ ሾፌር ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። አያስረውም እኮ፤ ጣል ነው። ፖሊሱን ሲያልፍ ይመልሰዋል። ከኋላ ትርፍ የተጫነው ሰው ደግሞ ቀበቶ ቀርቶ ወንበርም የለው።

እኔ ቀበቶ አስራለሁ፤ ሕጉንም አልቃወምም። ያልታሰረ ሰው መኪናው ሲጋጭ ተወርውሮ አጠገቡ ያለውን ይመታል፤ ይኼ በሚል ሚዛንም ቢሆን ሌላውን መጉዳት ነው። ይህንን ግን ለዚያ ሾፌር ቁጭ አድርጎ የነገረው ማነው? የቅጣቱን ልክማ በቃሉ ያውቀዋል።