በስም ስለ መፍረድ

ጥላቻ መጀመሪያ ለጠላው ወገን ስም ያወጣል፤ ስሙ ከወጣ በኋላ መጠየቅና መመርመር ይቀራል። ይህን የሚያሳይ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ስላየሁ፣ ለእናንተ ለወጣቶች ይጠቅማል ብዬ ጥቂት ልተችበት ወደድሁ።

ድራማው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2005 እስከ 2020 ዓ.ም. የታየው የአሜሪካኖች «ሱፐርናቹራል» ነው። ዲንና ሳም የተባሉ ወንድማማቾች፣ አባታቸው እንዳሳደጋቸው፣ ክፉ መናፍስትንና ቫምፓየር የሚባሉትን ደም መጣጮች እያደኑ ይገድላሉ። በ2006 ዓ.ም. በታየው «ብለድላስት» በተባለው ክፍል፣ በሞንታና አገር ከብቶች ደማቸው ተመጥጦ፣ አንዲት ልጅም አንገቷ ተቈርጦ ስለ ተገኙ ወደዚያው ይሄዳሉ። ነገሩ ሲጣራ ግን የልጅቱን አንገት የቈረጠው ጐርደን ዎከር የሚባል አዳኝ ነው። እርሷ ከደም መጣጮች ወገን ነበረች፤ ወገኖቿም ለኖር በምትባል መሪ ምክር የሰው ደም ትተው በከብት ደም ይኖሩ ነበር።

ጐርደን ይህን አላመነም። ለኖርን አስሮ አሠቃያት፤ የሳምንም ክንድ በቢላዋ ቈርጦ ደሙን በፊቷ ላይ አንጠባጠበባት። እርሷ ግን ጥርሷ ከወጣ በኋላ እንኳ ራሷን ገዝታ እምቢ አለች። እርሱም ይህን በዓይኑ አይቶ ፍርዱን አልለወጠም። ስለ ምን? ደም መጣጮች የገዛ እህቱን ወስደው እንደ እነርሱ ስላደረጓት፣ ቀድሞ በገዛ እጁ ገድሏታል። ከእነርሱ አንዲቱ እንኳ ልትተርፍ ይገባታል ብሎ ቢያምን፣ በእህቱ ላይ ያደረገው ምን ሊባል ነው? ስለዚህ እውነትን ከመስማት ይልቅ መግደልን መረጠ። የዚህ ክፍል ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል።

የምነቅፈውም አለ። በመጨረሻ ዲን፣ እስከ ዛሬ ሞት የማይገባቸውን ገድለን ቢሆንስ ብሎ ይጨነቃል። ሳምም፣ ለኖርን አለመግደልህ ይበቃል ብሎ ያጽናናዋል። አንዲቱን ማዳን መልካም ነው፤ ስለ ቀደሙት ሙታን ግን መልስ አይሆንም። ደራሲው ይህን ከባድ ጥያቄ አንሥቶ ቶሎ ማስቀመጡ ሥራውን አሳንሶበታል።

ጐርደን በ2007 ዓ.ም. በታየ ሌላ ክፍል ራሱ ደም መጣጭ ሆኖ በሳም እጅ ሞተ። ልጆቼ ሆይ፣ ስለ አንድ ወገን ክፉ ስም ስትሰሙ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ያ ሰው ምን ሠራ ብላችሁ ጠይቁ። ዛሬ የማይጠይቅ ሰው፣ ነገ ስሙ በራሱ ላይ ሲወጣ የሚጠይቅለት አያገኝም።