ከሠርግ ዳስ የተቀዳ አምባሰል

ደሴ ያደገ ልጅ አምባሰል የሚለውን ስም ቀድሞ የሚሰማው ከዘፈን ይሁን ከአገር ስም፣ ሲያድግ ራሱም አያስታውሰውም። ባቲም እንደዚሁ ናት፤ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚደምቅ ከተማም ናት፣ ቅኝትም ናት። ከአራቱ የአገራችን ሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ አገር ስም ይጠራሉ።

እኔ አምባሰልን የወደድኩት በማሪቱ ለገሰ ድምፅ ነው። ማሪቱ በደርግ ዘመን ከወሎ ላሊበላ ኪነት ወጥታ አገር ያወቃት ድምፃዊት ናት። በሙዚቃ ቤት የተሸጡ ካሴቶቿን ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም። የእኔ ፍለጋ ግን ሌላው ላይ ነበር፤ ሳይታተም ከመድረክ ሥር፣ በግብዣ ቤት፣ በሠርግ ዳስ ተቀድቶ የሰው ቁም ሣጥን ውስጥ የቀረው ላይ። እሷን ብዬ በወጣሁበት መንገድ ስማቸው ካሴቱ ላይ ያልተጻፈ ማሲንቆ መቺዎችና ክራር ደርዳሪዎች አገኘሁ። ዛሬ ከሰበሰብኩት አብዛኛው የእነሱ ነው።

ይህን ሥራ ሌላውም ዓለም ያውቀዋል። በ1969 እ.ኤ.አ. የቦብ ዲላን ያልታተሙ ቅጂዎች ያለፈቃዱ በሸክላ ወጥተው በአሜሪካ ተቸብችበዋል። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የሮክ ባንድ ደግሞ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚቀዱ አድማጮች አዳራሹ ውስጥ የራሳቸውን ቦታ ለይቶ ሰጥቷቸዋል። እኛ ዘንድ ቦታ የሚሰጠው ባለሠርጉ ነበር። ቴፑን ከአዝማሪው እግር አጠገብ በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል፤ አንድ ልጅ ካሴቱ ሲያልቅ እንዲገለብጥ ይታዘዛል። ሸክላ መታተሙ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከቀረ በኋላ ዘፈን የሚኖረው በካሴት ብቻ ስለነበር፣ ባለቴፕ የሆነ ቤት ሁሉ ቀጂ ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ የታተመው እያለ ያልታተመው ምን ያስፈልጋል? የታተመው ዘፈን አምስት ስድስት ደቂቃ ነው፤ ግጥሙም አንድ ጊዜ ተቆርጧል። ዳስ ውስጥ ያው ዜማ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። እንግዳው ይነሳና «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ያ ግጥም ለዚያ ቤት፣ ለዚያ ሙሽራ፣ አንዳንዴም ከማዶ ለተቀመጠ ባላንጣ የተባለ ነው፤ ወርቁን የሚያውቀው በቦታው የነበረ ሰው ነው። ተብሎ አለቀ፣ የትም አይደገምም። ያን ቀን ቴፕ ካልነበረ የለም። ለዚህ ነው ቅጂዎቼን ሳጸዳ እልልታውን፣ የብርጭቆውን ድምፅ፣ የሕፃኑን ልቅሶ የማልነካው። «ዘፈኑን ብቻ አስቀርልን» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እምቢ እላለሁ፤ ጫጫታው ከወጣ ግጥሙ ለማን እንደተባለ አይታወቅም።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ካሴት ሲሰጠኝ ወዲያው አላጫውተውም። መጀመሪያ በቢክ እስክሪብቶ ጥቂት ዙር አዞረዋለሁ፤ ክሩ ከተጣበቀ እጄ ያውቀዋል። የደሴ ጉም ካሴትን ያሻግታል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ቅርፊቱን ያጣምማል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ሐረጎን ወርዶ በወጣ ካሴት ላይ ሁለቱንም አይቻለሁ። የ120 ደቂቃ ካሴት ከሆነ ክሩ ስስ ስለሆነ ወደፊትም ወደኋላም በፍጥነት አላጠነጥነውም። ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ በአልኮልና በጥጥ እጠርጋለሁ፤ ከዚያ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀስታ እያዞርኩ «ሰ» የምትለዋ ድምፅ ጥርት የምትልበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ያ ካሴት የተቀዳበት ቴፕ ሄዱ ትንሽ ዘመም ያለ ሊሆን ስለሚችል የእኔን ቴፕ ከእሱ ጋር ማስማማት ነው። ወደ ኮምፒውተር የሚገባው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው፤ የ90 ደቂቃው ካሴት 90 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም።

ከሁሉ የሚያደክመው የፍጥነት ነገር ነው። ባትሪ ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ቴፑ ቀስ እያለ ይቀዳል፤ ያ ካሴት በደህና ቴፕ ሲከፈት ዘፋኙ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። አንድ የኮምቦልቻ ሠርግ ቅጂ ላይ አዝማሪው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መስሎኝ ለወራት እንደዚያው መዝግቤው ነበር። ኋላ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ከማሲንቆው ሥር አንድ የማያቋርጥ እምምታ አለ፤ ዳሱ ውስጥ ከመብራት የተሰካ ማጉያ ነበረ ማለት ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። እምምታውን በኮምፒውተር ስለካው 53 ሆኖ አገኘሁት። ልዩነቱ ከመቶ ስድስት ነው፤ በሙዚቃ ሲቆጠር ልክ ግማሽ ድምፅ። ፍጥነቱን በዚያው መጠን ዝቅ ሳደርገው ልጁ ጠፋ፤ ጎርነን ያለ የጎልማሳ ድምፅ መጣ። ፍጥነት ድምፆቹን ሁሉ እኩል ስለሚያነሳ ቅኝቱ አምባሰል መሆኑ አልተለወጠም፤ የተሳሳትኩት ሰውየውን ነው።

ያን ካሴት ያስቀመጡት እናት ከቤት እንዲወጣ አልፈቀዱም። ቴፑንም ኮምፒውተሩንም ይዤ ወረድኩ። ከዘፈኑ በፊት አንድ ሰው «ይሠራል እንዴ? ይዞራል?» ሲል ይሰማል። ፍጥነቱን ካስተካከልኩ በኋላ ተመልሼ አሰማኋቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና ትንሽ ቆይተው፣ «አሁን እሱ ነው» አሉኝ። ከዘፈኑ በፊት የሚናገሩት ባላቸው ናቸው፤ ከሞቱ ቆይተዋል። «ይቅርታ እማማ፣ አሳዘንኩዎት» ስል «አብሽር ልጄ፣ ድገመው» አሉ።

ቅጂዎቼን አልሸጥም፣ የትም አልለጥፍም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙ በክዋኔው ላይ መብት ሰጥቶታል፤ አዋጁ ባይኖርም አንድ አዝማሪ ለአንድ ቤት የዘፈነውን እኔ የምቸረችርበት ምክንያት አይታየኝም። ባለቤቱ ቤተሰብ ቅጂውን በፍላሽ ያገኛል፤ ከዘፋኙ ወገን የተገኘ ሰው ካለ እሱም ያገኛል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙባቸው ሳምንታት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የሙዚየሙ ጥፋት ተነገረ፣ ተጻፈ። ከየቤቱ የጠፋውን ካሴት ግን የቆጠረው የለም። «ከተመለስን በኋላ አንድም አላገኘንም» ያሉኝ ቤቶች አሉ፤ ከመካከላቸው ቀደም ብዬ «ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብዬ ያለፍኳቸው ይገኙበታል። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ አላስተላልፍም።

እናንተም ቤት የአባታችሁ ወይም የአክስታችሁ ሠርግ ካሴት ካለ፣ ቴፕ እስክትፈልጉ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስሕተት ሌላ አይቀዳበትም። ቀጥሎ ሽማግሌዎቹን ጠይቁና የማን ሠርግ እንደሆነ፣ የት ቀበሌ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ማሲንቆውን ማን እንደመታ በእስክሪብቶ ጻፉበት።