ካሜራና ሞፈር፦ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን ፉሪ ላይ ካየን በኋላ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ፉሪ ውስጥ፣ ከመካከላችን ሁለቱ በተከራዩት ክፍል፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» አየን። ፕሮጀክተሩ የውሰት ነው፤ ድምፁም ከአንዲት ትንሽ ስፒከር እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ እኛን ግን መብራት ሁለቴ ሄዶ ስለተመለሰ እስከ እኩለ ሌሊት አቆይቶናል። ይህን የምንጽፈው የፊልሙን ታላቅነት ለማወጅ አይደለም፤ አዋጁ ከተነገረ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የምንጽፈው በዚያች ሌሊት የተነሣው ክርክር እስካሁን ስላልበረደልን ነው።

ክርክሩ ይኸውላችሁ። ከመካከላችን አንዱ የሥነ ጽሑፍ ትምህርቱን ከሁለተኛ ዓመት ላይ ትቶ ፊልም ሊማር ይፈልጋል። ስሙን አንጠራም፤ የዚህችን መጽሔት ገጾች ሲያባዛ እጁ በቀለም የሚበከለው ልጅ ነው ብንል ይበቃል። የሚፈልገው የሦስት ወር ሥልጠና አይደለም፤ ዲግሪ ነው። እናቱ ይህን ሲሰሙ «ፊልም ደግሞ ይማሩታል እንዴ? ያዩታል እንጂ!» አሉ።

እኛም ሳቅን። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም። የኛስ ወላጆች «ልብ ወለድ ደግሞ ይማሩታል እንዴ?» ብለውን የለም? ያን ጊዜ ተቆጥተን፣ ደረታችንን ነፍተን፣ ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስተዋት ነው ስንል ነበር። ተራው የጓደኛችን ሲሆን ግን እኛው ወላጅ ሆነን ቁጭ አልን። ይህን እንደ ግለ ሂስ ያዙልን።

ለማያውቁት እንናገር። ይህ ልጅ ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ሲቀርጽ ነው የኖረው። ፉሪ ላይ ትልቅ ካሜራ የተሸከመ ሰው ካያችሁ ሠርግ አለ ማለት ነው፤ ሌላ ፊልም ሠሪ የለንም። መብራት መያዝ ያውቃል፤ ድምፅ መቅዳት ያውቃል፤ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የቀረጸውን በኮምፒዩተር ሲቆራርጥና ሲቀጣጥል ያድራል። «ታዲያ ምን ቀረህ?» ስንለው የሰጠን መልስ ነው ያስደነገጠን። «ሙሽሪት መኪና ውስጥ ስትገባ የእናቷ ፊት የሚሆነውን አያለሁ። ካሜራዬን ወደሳቸው ሳዞር ሚዜዎቹ ኬኩን፣ ኬኩን ይሉኛል። እኔ የምፈልገው ያልታዘዝኩትን የማይበት ጊዜ ነው» አለ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ትምህርት ቤት ያን ጊዜ ይሰጣል ወይ?

ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ ነው፤ አባቱም ተውኔት ይጽፉ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1967 ወደ ቺካጎ የሄደው ቴአትር ሊማር ነው፤ ወደ ፊልም የዞረው በኋላ፣ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። «ምርት»ን ያነሣው ገና ተማሪ ሳለ በ1966 ዓ.ም ክረምት አገር ቤት መጥቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የፈጀበት። ፊልሙ 16 ሚሊ ሜትር፣ ጥቁርና ነጭ፤ ተዋንያኑም ትወና ተምረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከዙፋን ወረዱ፤ የገጠር መሬት አዋጅ በዚያው ዓመት የካቲት 25 ወጣ። ስለዚህ ፊልሙ ሲቀረጽ ጭሰኛና ባለመሬት በሕግ የቆሙ ነበሩ፤ ተቀናብሮ በ1968 ዓ.ም ስዊዘርላንድ ሎካርኖ ላይ ሲሸለም ሁለቱም በአዋጅ ቀርተዋል። ሁለት ወር ቢዘገይ ያንን ክረምት አያገኘውም ነበር። የመጨረሻውን ፀሐይ ነው በካሜራው የያዘው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ አለ፤ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ሲጮህባቸው የሚውል ባለመሬት አለ፤ ላም ጠባቂዋ በለጠች አለች፤ ደግሞ ዘምቶ ሲመለስ መሬቱን የተነጠቀና አገሩ ሁሉ «እብድ» የሚለው ከበበ አለ። በለጠች የባለመሬቱን ላም ልታተርፍ ስትል ጎርፍ ይወስዳታል። ከበበም በመጨረሻ በትሩን ያነሣና ባለመሬቱን ይገድለዋል። ይኸው ነው። የቀረው ሰዓት ሥራ ነው፤ ማረስ፣ ከብት መንዳት፣ መሸከም፣ መመለስ። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ ያያል፤ አይቸኩልም። አንዱ ጓደኛችን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ «ምንም ነገር እኮ አልተፈጠረም» አለ። እውነቱን ነው። ለኛ አልተፈጠረም።

አጠገባችን ለተቀመጡት አባባ ግን ብዙ ነገር ይፈጠር ነበር። አባባ የግቢው ባለቤት ናቸው። አሁን ፉሪ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለ፣ ሕንፃና ቆርቆሮ የሞላበት ሠፈር ቢሆንም፣ እሳቸው ይህንኑ መሬት አርሰውበታል፤ አባታቸውም ጭሰኛ ነበሩ። ገና ሞፈሩ ሲታይ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይኼ ሰውዬ አራሽ ነው፤ የቲያትር ሰው አይደለም። እጁን እዩት» አሉን። እኛ ፊቱን ነበር የምናየው። በሬው ሲጠራ፣ ጅራፉ ሲጮህ፣ አንዳንዴ በአማርኛ አንዳንዴ በኦሮምኛ እያጉረመረሙ ለፊልሙ ይመልሱለት ጀመር። ስለ ረጅም ቀረጻ፣ ስለ ሌንስ፣ ስለ ዝግታ ብዙ ልንጽፍ አስበን ነበር። ተውነው። ዝግታው ለማን እንደተሠራ ገባን።

ባለመሬቱ ላይ ሲደርሱ ግን አባባ አልተስማሙም። «የኛ ባለመሬት ጮኾ አያውቅም። ዝም ሲል ነበር የምንፈራው» አሉ። ከሰማናቸው የፊልም ሂሶች ሁሉ የበለጠው ይህ ነው፤ እኛም ከሳቸው ጋር እንወግናለን። የኃይሌ ባለመሬት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጮኻል። የሚናቅ ነው እንጂ የሚፈራ አይደለም። እዚህ ላይ የተማሪ እጅ ይታያል፤ ጠላቱን በደንብ ከማየቱ በፊት የፈረደበት ተማሪ። ሰው እንደ በሬ ቀንበር የሚሸከምበት ሕልምም እንደዚሁ ነው፤ ገበሬው ሲያርስ አይተን የተረዳነውን ነገር እንደገና በጣት ጠቁሞ ያስተምረናል። ይቅር ይበለንና፣ እኛም በዚህች መጽሔት የምናወጣቸው አጫጭር ልብ ወለዶች ያው ሕመም አለባቸው።

ከበበን በተመለከተ ግን ምስጋናችን ሙሉ ነው። እውነት የሚናገር እብድ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም ከወጣ ጀምሮ ጉዱ ካሣን የማያውቅ የለም። ሆኖም ጉዱ ካሣ የመሳፍንቱና የመኳንንቱ ዘመድ ነው፤ ምላሱ የሚታገሠው በዘሩ ነው፤ ይናገራል፣ ይናገራል፣ ይናገራል። ከበበ መሬትም ዘመድም የለው። ስለዚህ ንግግሩ አንድ ቦታ ላይ ያልቃል፤ በትሩ ይቀጥላል። በስምንት ዓመት ልዩነት ውስጥ አንዱ እብድ በመጽሐፍ፣ ሌላው በፊልም፣ አገሪቱ ከየት ወዴት እንደሄደች ይነግሩናል። መምህራኖቻችን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያስተምሩ አላየንም፤ ፊልሙ የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው ይባላል። የትኛው ክፍል?

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ፊልም አይማሩትም የሚለው ወገን (መጀመሪያ ላይ አብዛኞቻችን ነበርን) «ያንን ገበሬ የሰጠው ትምህርት ቤቱ አይደለም፤ ጎንደር ነው» አለ። እሺ ይሁን። ግን ሎስ አንጀለስ ምን ሰጠው? ካሜራ ሰጠው፤ ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ ጓደኞች ናቸው። በዚያን ዘመን እዚያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቻርልስ በርኔት፣ ላሪ ክላርክ፣ በኋላም ጁሊ ዳሽን የመሰሉ ጥቁር ተማሪዎች ነበሩ፤ በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» የሚል ስም የወጣላቸው ናቸው። አንዱ ሲያዘጋጅ ሌላው ካሜራ ይይዝ ነበር፤ በርኔት በኃይሌ «ቡሽ ማማ» ላይ ካሜራ ይዟል። ይህማ ደቦ ነው! ሆሊውድን የጠሉት አብረው ነው፤ የላቲን አሜሪካንና የአፍሪካን ፊልም ያዩት አብረው ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ የኛው ሰው ተሾመ ገብርኤል ስለ ሦስተኛው ዓለም ሲኒማ ያስተምርና ይጽፍ ነበር። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ለተማሪው የሰጠው አብሮት የሚጣላ ሰው ነው። የሠርግ ካሜራማን ግን ብቻውን ነው፤ የሚጣላውም ከሚዜ ጋር ነው።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን በውጭ የታወቁልን ፊልሞች ባብዛኛው የትምህርት ቤት ልጆች ሥራ መሆናቸው ሊካድ አይችልም። «ጤዛ» የኃይሌው ነው፤ በ2001 ዓ.ም ዋጋዱጉ ላይ ታላቁን ሽልማት ወስዷል። የ«ድፍረት» አዘጋጅ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪና «ላምብ»ን ይዞ በ2007 ዓ.ም ካን የደረሰው ያሬድ ዘለቀም ሁለቱም አሜሪካ ነው የተማሩት። እዚህ ላይ አንዲት ጓደኛችን በብስጭት «ታዲያ ፓስፖርት እንጂ ትምህርት አይደለማ የሚያስፈልገው!» አለች። ልክ አይደለም፤ ስህተትም አይደለም።

አገር ቤት ምን አለ? «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም ሲሠራ አዘጋጁ ላምብሮስ ዮካሪስ የሚባል ግሪካዊ ነበር። ደርግ የፊልም ኮርፖሬሽን አቋቋመ፤ ወጣቶችንም ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ልኮ አስተማረ፤ ኮርፖሬሽኑ ግን መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው የቪዲዮና የዲጂታል ዘመን ባብዛኛው በራሳቸው የተማሩ ሰዎች ዘመን ነው። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሲኒማ ቤቶችን በሰው ሞልቷል፤ ከዚያም ፍቅር ቀመስ ኮሜዲው ተከታትሎ ወጣ። እነዚህን ፊልሞች መናቅ በተማሪ ዘንድ ፋሽን ነው። እኛ አንንቃቸውም፤ ሰው ቲኬት ገዝቶ በገዛ ቋንቋው የሚስቅበት አዳራሽ የፈጠሩ እነሱ ናቸው። ነገር ግን አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት ይቻላል፤ ያው ሳሎን፣ ያው ሶፋ። የሳሎኑ መስኮት ወደ ውጭ ሲከፈት አይተን አናውቅም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ዓ.ም ገደማ የፊልም ትምህርት የጀመረው ከላይ፣ ከሁለተኛ ዲግሪ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው በፊት ቆመ ብንል አትቆጡን። የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሻ ልጅ ብዙውን ጊዜ በቴአትር ወይም በጋዜጠኝነት በር ነው የሚገባው፤ አለዚያም ወደ ግል ማሠልጠኛ ይሄዳል። ከነዚህም ቁም ነገረኛ አለ፤ የቻዱን መሐመት ሳሌህ ሃሩንን «አቡና» እና «ዳራት» በካሜራ ያነሣው አብርሃም ኃይሌ ብሩ አዲስ አበባ መጥቶ ብሉ ናይል የተባለውን የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ከፍቷል። ችግራችን አስተማሪ ፈጽሞ መጥፋቱ አይደለም። ለ19 ዓመት ልጅ አራት ዓመት ሙሉ እንዲያይ፣ እንዲሳሳት፣ ከጓደኞቹ ጋር እንዲጣላ የሚፈቅድለት ቤት ማጣታችን ነው።

እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈልን፤ አሁንም እንደተከፈልን ነን። ግማሻችን፣ ልጁ ሥነ ጽሑፉን ይጨርስ፣ ፊልሙን በሁለተኛ ዲግሪ ይማር እንላለን፤ ምክንያቱም ከ«ምርት» የሚጎድለው የካሜራ ዕውቀት አልነበረም፤ ዝም የሚል ባለመሬት ነው፤ ዝም የሚል ባለመሬት ደግሞ በልብ ወለድ ንባብ ይገኛል። ሌላው ግማሽ፣ ይህ የፈሪ ምክር ነው፤ ኃይሌ ሁለት ዲግሪ እስኪይዝ ቢጠብቅ ኖሮ ያ ክረምት ያመልጠው ነበር፤ ፉሪም ውስጥ አንድ ክረምት እያመለጠን ነው ይላል። ይህ ሁለተኛው ነገር ዝም አሰኝቶናል። ከክፍላችን መስኮት ሲታይ፣ ከተራራው ወዲህ፣ በቤቶቹ መካከል የቀረ አንድ ማሳ አለ። በየዓመቱ ይጠባል። የአባባ ነው።

ጓደኛችን መልስ አልሰጠንም። እሑድ ጠዋት ግን ሠርጉን ለሌላ ልጅ አሳልፎ ሰጠ፤ የዕለቱን ገንዘብ አጣ ማለት ነው። ከአባባ ጋር ወደ ማሳው ወረደ፤ በስልኩ አሥራ አንድ ደቂቃ ሳያቋርጥ ቀረጻቸው። አልቆረጠውም፤ ሙዚቃም አልጨመረበትም። እናቱ ሰምተው «ለዚህ ነው ሠርግ የተውከው?» ብለዋል።

በመጪው ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ እዚያው ፉሪ፣ እዚያው አንሶላ ላይ እናየዋለን። መጀመሪያ ለሳቸው ብቻ እንድናሳያቸው አባባ ስላዘዙ እናንተ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ኑ። ቆሎ የራሳችሁን ያዙ።