መድፉን ማን ይጎትተው?

«ዘንዶና አስማተኛ ባለበት ጨዋታ ጠመንጃ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። እኔ ጠመንጃው ይግባ ባይ ነኝ። ቅር የሚለኝ አገባቡ ነው።

በጠረጴዛ ዙሪያ ገጸ ባሕርይ ሆነን የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የጨዋታ መሪዎች መመሪያው ጠመንጃን በአማራጭነት ፈቅዷል። ዋጋው 500 የወርቅ ሳንቲም፣ ጉዳቱ ባለ 12 ገጽ ዳይስ ተጥሎ የሚታወቅ። ባሩዱን ማን ቀመመው? ሲሰበርስ ማን ይጠግነዋል? ሠንጠረዡ ዝም ይላል።

እስቲ የአፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል አስቡት። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች እጅ ተሠራ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ለማድረስ ገደሉን እየቆረጡ መንገድ ማውጣት፣ ወራት ሙሉ መጎተት ግድ ሆነ። ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለ። ከተኩሱ ይልቅ ጉዞው ነው የሚተረከው።

እኔ ጨዋታውን ብመራ ታሪኩን በቡሬና በፍኖተ ሰላም መሀል አደርገዋለሁ። ለተጫዋቾቼ መድፍ እሰጣለሁ፤ ወሩ ግን ሐምሌ ነው፣ መሬቱ ጭቃ፣ ገበሬው በእርሻ ላይ። ጎታች ፍለጋ ደጁን ያንኳኳሉ። «በሬዎቼንም ልጆቼንም አልሰጥም» ቢላቸውስ?

ለእኔ ጨዋታው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።