ተርጓሚው «አላውቅም» ሲል
እ.ኤ.አ. በ2007 ማይክሮሶፍት ያወጣው ሊንክ፥ አከታትለን የምንጽፋቸውን ተግባሮች ወደ ኤስኪውኤል መጠይቅ ለማስተርጐም መንገድ ከፈተ። ድካም ማቅለሉን አንክድም፤ ነገር ግን ትርጓሜ ሁሉ ወሰን አለው።

ለምሳሌ ያህል፥ በድጓ ማስመስከሪያነቷ የታወቀችውን የጋይንቷን ቤተ ልሔም አንዱ በሐመሩ «ሔ»፥ ሌላው በሃሌታው «ሄ» ይጽፋታል። ሁለቱን ፊደላት አንድ የሚያደርግ የራሳችንን ተግባር በማጣሪያው ብናስገባ፥ ተርጓሚው ሊፈታው አይችልም። ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር በቀድሞ እትሞቹ እንዲህ ሲገጥመው መዝገቡን ሁሉ ወደ ፕሮግራሙ ስቦ በዚያ ያጣራ ነበር፤ ውጤቱ ትክክል፥ ዋጋው ግን ስውር ነው። ከ2019ኙ 3.0 እትም ወዲህ ግን ስሕተቱን ተናግሮ ያቆማል።

ይህን ግትርነት የሚሉት አሉ። እኛ ግን የማያውቀውን «አላውቅም» የሚለውን ተርጓሚ እንመርጣለን። መፍትሔውም የተስተካከለውን አጻጻፍ ከዋናው ጐን በሌላ ዓምድ አስቀድሞ ማኖር ነው።