ላልሰማ ማሰማት

አዋጅ በነጋሪት ይነገር በነበረበት ዘመን፣ ነጋሪው የሰማ ላልሰማ ያሰማ ዘንድ ሕዝቡን ማዘዙ የሥራው ዋና ብልሃት ነበር፤ የነጋሪቱ ድምፅ ከገበያው አያልፍም፤ ከገበያው ወዲያ እስከ ቆላው ጥግ ድረስ ቃሉ የሚሄደው በሰሚው እግርና አፍ ነበርና። በዩኒቨርሲቲ ግቢ የአደጋ ጊዜ ማስታወቂያን ማቀድና ማስፈጸም ሥራዬ ከሆነ ወዲህ፣ ስለ መሣሪያ ዓይነትና ዋጋ በተከራከርን ቍጥር ኅሊናዬ ወደዚሁ ጥንታዊ ሥርዓት ይመለሳል፤ ማስጠንቀቂያ ተፈጸመ የሚባለው የመጨረሻው ሰው በሰማ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁና።

የእኛው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመበት በ1999 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ 8 ቀን፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ቴክ በተባለው ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ 32 ሰዎችን ገደለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች በመኝታ ሕንፃ ውስጥ የተመቱት በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆን፣ ለግቢው የመጀመሪያው የኢሜይል ማስታወቂያ የወጣው 3 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ላይ ነበር፤ ከጥቂት ደቂቃዎችም በኋላ ገዳዩ በመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ተኩስ ከፈተ። መላኪያው መሣሪያ በእጃቸው ነበር፤ ጊዜው ያለፈው ነገሩ አንድ ስፍራ ላይ ያበቃ መስሎ በመታየቱና አመራሩ ተሰብስቦ ምን እንደሚባል ሲመክር ነው።

ስለዚህ በእኔ ዘንድ የዕቅድ ሁሉ መጀመሪያ ቃሉን በሰላም ቀን ጽፎ ማስቀመጥና፣ ሌሊት የነቃው ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ይናገረው ዘንድ ሥልጣን መስጠት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ፕሬዚዳንቱም የተማሪዎች ዲኑም ተኝተዋል፤ የነቁት የበር ጥበቃውና ተረኛው ፕሮክተር ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ሥልጣን ማካፈል ለብዙ አለቆች ይከብዳቸዋል፤ ያለ ጊዜው የተነገረ ቃል በጨለማ ደረጃ ላይ መረጋገጥን ሊያመጣ ስለሚችል ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ይህን ፍርሃት የሚያቀልለው ግን ተደጋጋሚ ልምምድ ነው።

ቃሉ እንዴት ይጻፍ ለሚለኝ፣ በዚሁ በአውራጃችን በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያሳወጁትን የክተት አዋጅ እንዲያነብ እመክረዋለሁ። የመጣው ምን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ጉልበት ያለው ምን እንዲያደርግ፣ ጉልበት የሌለውም በምን እንዲረዳ ለየብቻ ያዝዛል፤ ለሸዋ ሰው ወረኢሉን መገናኛ ስፍራ፣ የጥቅምትን እኩሌታ የቀጠሮ ጊዜ አድርጎ ይቈርጣል። ሰሚው ሰምቶ ሲያበቃ የሚጠይቀው ጥያቄ አይቀረውም። እኛ የምንጽፋቸው ማስታወቂያዎች ግን ብዙ ጊዜ «ተረጋጉ» ብለው ያቆማሉ፤ የት ሄዶ እንደሚረጋጋ ለተማሪው የሚነግረው የለም።

ለእንዲህ ያለ ቃል አንድ ምሳሌ ርዕደ መሬት ነው። ሰሜን ሸዋ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ አገር ነው፤ አንኮበር ላይ ቆሞ የአፋርን ቆላ ቍልቍል ያየ ሰው ይህን ማስረጃ ሳይጠይቅ ይረዳዋል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው የምድር መናወጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የደረሰው፣ መጠኑ ከ5.5 የበለጠ ርዕደ መሬት፣ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ርዕደ መሬትን አስቀድሞ የሚነግር ማንም የለም፤ እንግዲህ የማስታወቂያው ተግባር የሚጀምረው ከመጀመሪያው ንቅናቄ በኋላ ነው። መጠኑን ባለሙያዎች እስኪያስታውቁ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ተማሪው የሚያስፈልገው ከሕንፃ ርቆ ወደ ኳስ ሜዳው መውጣቱንና ተከታይ ንቅናቄ ሊኖር እንደሚችል ማወቅ ነው። በደብረ ብርሃን ደግሞ አንድ ቃል ሊጨመር ይገባል፦ ከእጅህ የቀረበውን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይዘህ ውጣ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ በታኅሣሥ ውርጭ ራቁቱን የቆመ ሰው፣ ከግድግዳው መሰንጠቅ ይልቅ ብርዱን ፈርቶ ወደ ዶርሙ ይመለሳል።

የማስታወቂያው መንገድ አንድ ብቻ እንዳይሆን ያስተማረን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት የተቋረጠበት ጊዜ ነው፤ ዕቅዱን በቴሌግራም ቻናል ላይ ብቻ የመሠረተ ግቢ ቢኖር ያን ጊዜ ዲዳ በሆነ ነበር። አጭር የስልክ መልእክት፣ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ፣ መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚደወል ደወል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየፎቁ በር የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል። መስማት ለተሳነው ተማሪ ጩኸቱ፣ ማየት ለተሳነው በሰሌዳ የተለጠፈው ጽሑፍ አይደርሰውም፤ ከሩቅ ክፍለ ሀገር መጥቶ አማርኛ ገና ያልቀናው የአንደኛ ዓመት ተማሪም አለ። ስለዚህ በየዶርሙ ለእነዚህ ወንድሞችና እኅቶች ቃሉን የሚያደርስ ጓደኛ በመስከረም በስም መመደብ አለበት።

ከሁሉ የሚዘነጋው አደጋው ማለፉን የሚናገረው ቃል ነው። ይህ ቃል ካልተነገረ ወሬ ቦታውን ይይዘዋል፤ ወላጆች ከየአገሩ ይደውላሉ፣ ተማሪው ሻንጣውን አንሥቶ ወደ መናኸሪያ ይሄዳል። በመሆኑም መጀመሪያ «ውጡ» ያለው አፍ ራሱ «ግቡ» እንዲል፣ ምን እንደ ደረሰም በዚያው ቀን በግልጽ እንዲናገር ያስፈልጋል፤ ይህ በተደረገበት ግቢ በሚቀጥለው ጊዜ ደወሉ ሲደወል ተማሪው ማን እንዳለው ሳይጠይቅ ይነሣል።