ለፈተናው መረብ ጠባቂዎች

በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ መሰረዙን ለሚያስታውስ ሰው፣ ከ2015 ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው በኮምፒውተር የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ቀላል ነገር አይደለም። የግል ኮሌጅ ተመራቂም ቢሆን ያለዚህ ፈተና ዲግሪውን አያገኝም። የወረቀት ፈተና ይታተማል፣ ይጓጓዛል፣ ይከማቻል፤ በየደረጃው የሚነካው እጅ ብዙ ነው። በኮምፒውተር ሲሆን እጁ ያንሳል፣ ማን መቼ እንደገባም ሥርዓቱ መዝገብ ሊይዝ ይችላል። ለዚህ የዩኒቨርሲቲዎቹ የአይሲቲ ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

መብራት ሲጠፋስ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥስ የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ደኅንነት ምሥጢር መጠበቅ ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱ በሰዓቱ መገኘቱም ነውና። ይህ ግን ጄኔሬተርና መጠባበቂያ መስመር እንዲጨመር እንጂ ወደ ወረቀት እንድንመለስ አያስገድድም። የሚከብደው የሰው ልማድ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ለጓደኛው የሚያውስን (ይህን ደግነት የሚለው ስንቱ ነው!) ተማሪ የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም። ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ሰብሮ መግባትን የሚያስቀጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚደርሰው ከጥፋት በኋላ ነው፤ ከፈተናው ቀን በፊት ኮምፒውተሮቹን መፈተሽ፣ ተማሪውንም ማስጠንቀቅ የእነዚሁ ባለሙያዎች ሥራ ነው።